ፋርማኮሎጂ ልትማሩ ውጭ ከመሄዳችሁ በፊት

በየጊዜው አንድ ዓይነት መልእክት ይደርሰኛል። «እህቴ፣ አንቺ ፋርማሲ የተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ እንዴት ነው የሚገባው?» ይላል። ከሚጽፉልኝ አብዛኞቹ 12ኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ደግሞ ልጃቸውን ውጭ ለመላክ የሚያስቡ ወላጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለሱ ስላቃተኝ አንዴ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፈው አልኩ።

የተማርኩት ፋርማሲ አይደለም፣ ፋርማኮሎጂ ነው። ይሄንን የማስቀድመው ነገሩ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ስለሚያስከፍል ነው። ፋርማሲ የሙያ ትምህርት ነው። ብሪታንያ ውስጥ አራት ዓመት ይማሩታል፣ ከዚያ አንድ ዓመት ሥራ ላይ ይሠለጥናሉ፣ የምዝገባ ፈተና ይፈተናሉ፣ ካለፉ የሙያ ፈቃድ ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ ነው መድኃኒት ቤት ቆመው ማዘዣ ተቀብለው መድኃኒት የሚሰጡት። ፋርማኮሎጂ ግን ሳይንስ ነው። መድኃኒት ሰውነት ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ሰውነትስ መድኃኒቱን ምን እንደሚያደርገው ያጠናል። ስትመረቁ ዲግሪ ይሰጣችኋል፣ የሙያ ፈቃድ ግን የለውም። በዚህ ዲግሪ መድኃኒት ቤት መክፈት አይቻልም። ሆስፒታል ገብቶ በፋርማሲስትነት መቀጠርም አይቻልም።

እኔ የተማርኩባት አበርዲን፣ ሰሜን ስኮትላንድ ባሕር ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ፣ ሁለቱም አሏት። አበርዲን ዩኒቨርሲቲ ፋርማኮሎጂ ያስተምራል፣ ሮበርት ጎርደን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፋርማሲ። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ አውቶቡስ የምንሳፈር ተማሪዎች፣ እነሱ ወደ ፈቃድ ይሄዳሉ፣ እኛ ወደ ላብራቶሪ። ይሄንን ቀድሞ ያወቀ ተማሪ ምንም አይጎዳም። የማያውቀው ነው የሚጎዳው።

አብራኝ የጀመረች አንዲት የሱዳን ልጅ ነበረች። በጣም ጎበዝ ናት። ወላጆቿ ገንዘቡን ያገኙት ቤት ሸጠው ነው። ያስመዘገባት ኤጀንት «ሁለቱም ያው ነው፣ ይሄኛው መግቢያው ይቀላል» ብሏት ነበር። ልዩነቱን ያወቀችው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፣ ያውም ስለ ምዝገባ ፈተናው መምህራችንን ስትጠይቀው። መምህሩ ግራ ገባው፣ «የምን ፈተና?» አላት። ከክፍል ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በኋላ ወደ ፋርማሲ ተዛወረች፣ ግን ከአንደኛ ዓመት ተነሥታ። እንዲህ ዓይነት ኤጀንት እኛም አገር ሞልቷል። ቤተሰብ ደግሞ ውጭ አገር የሚባለውን ሲሰማ ዝርዝሩን መጠየቅ ይተዋል፣ ይሄ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ለአንድ በሬ ግዢ ሦስት ገበያ የሚዞር አባት ለልጁ ዲግሪ አንድ ሰው አምኖ ፊርማ ያኖራል።

ታዲያ አንቺ ለምን ተማርሽው ትሉኛላችሁ። ስለወደድኩት ነው። ዛሬም እወደዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ኪኒን ራስ ምታቱ የት እንዳለ በምን አውቆ ነው የሚሄደው የሚል ጥያቄ ነበረኝ። መልሱ የሚገርም ነው፣ አያውቅም። ደም ወደ ወሰደው ሁሉ ይሄዳል፣ የሚሠራው ግን የሚይዘው ነገር ባገኘበት ቦታ ብቻ ነው። ሙሉ ትምህርቱ ከዚህ አንድ ነገር ይጀምራል ማለት ይቻላል።

ስለ አካሄዱ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስኮትላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት። መጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ ናቸው፣ ባዮኬሚስትሪና ጄኔቲክስ ከሚያጠኑ ልጆች ጋር ተቀላቅላችሁ ነው የምትማሩት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ፋርማኮሎጂው ራሱ ይገባል፣ የነርቭ መድኃኒት፣ የልብ፣ የካንሰር፣ ፀረ ተሕዋስያን። አራተኛው ዓመት ላይ የራሳችሁን ምርምር ትሠራላችሁ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች መሐል ላይ አንድ ዓመት መድኃኒት ሠሪ ድርጅት ገብታችሁ የምትሠሩበት ዕድል ያመቻቻሉ። ይሄ ካለ አይለፋችሁ። ከምረቃ በኋላ ሥራ ፍለጋ ላይ ከማንኛውም ውጤት ይበልጣል።

ሒሳብ አለው። «ሒሳብ ስለማይሆንልኝ ባዮሎጂ ነክ ነገር ልማር» የሚል ልጅ ይሄንን ይስማ። ለምሳሌ ካፌይን ጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ በአማካይ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቡና ብትጠጡ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሩቡ። አሁን አንድ ስኒ ሳይሆን አቦል፣ ቶና፣ በረካ አድርጉት፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ መጠኑም እየቀነሰ የሚሄድ። ደም ውስጥ ያለው ከፍተኛው መጠን መቼ ላይ ይደርሳል? ይሄንን ዓይነት ስሌት ነው የምትሠሩት፣ በቡና ፋንታ የልብ መድኃኒት ሆኖ፣ ስሕተቱም ሰው የሚገድል ሆኖ። ይሄንን ዲጎክሲን በሚባል የልብ መድኃኒት ላይ የሠራ ተማሪ ነርስ ለምን ሰዓት ጠብቃ እንደምትሰጥ ሁለተኛ አይጠይቅም።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን ላብራቶሪው ነው። የሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል የጊኒ ፒግ አንጀት ይሰጣችኋል። ጊኒ ፒግ ጭራ የሌላት፣ ከአይጥ የምትተልቅ እንስሳ ናት፣ ቀድማ በሕጉ መሠረት ስለሞተች እናንተ የምታገኙት ቁራጩን ብቻ ነው። ሁለቱን ጫፍ በክር ታስራላችሁ። ሞቅ ባለ የጨው ውኃ የተሞላ ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ትሰቅሉታላችሁ። ታችኛው ክር መንጠቆ ላይ፣ ላይኛው ክር ጉልበት የሚለካ መሣሪያ ላይ። ከሥር ኦክሲጅን ይንፎለፎላል። ከዚያ መጠበቅ ነው፣ እጅ ሳያንቀጠቅጡ፣ ጠረጴዛውን ሳይነኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይታያል። መስመሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ አንጀቱ በራሱ ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይላል።

አሴቲልኮሊን፣ ማለትም ነርቭ አንጀቱን ተኮማተር ብሎ የሚያዝበትን ኬሚካል፣ ጠብ ታደርጋላችሁ፣ ጥቂት። መስመሩ ከፍ ይላል። ታጥቡታላችሁ፣ ይወርዳል። እጥፍ ትጨምራላችሁ፣ የበለጠ ከፍ ይላል። እንዲህ እያላችሁ ከዚህ በላይ አልኮማተርም እስኪል ድረስ ትሄዳላችሁ። ቀጥሎ አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ትጨምሩና ትጠብቃላችሁ። አሁን ያ ቅድም ከፍ ያደረገው መጠን ምንም አያደርግም። ደግማችሁ ትጨምራላችሁ፣ ምንም። ብዙ እጥፍ ስትጨምሩ እንደገና መስመሩ ቀና ይልና ቅድም የደረሰበት ጣሪያ ላይ ይደርሳል። ሁለቱ መድኃኒቶች ለአንድ ቦታ ነው የሚጋፉት። አትሮፒን ሚኒባስ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ወንበሩን እንደያዘ ተሳፋሪ ነው፣ እሱ ራሱ የትም አይሄድም፣ ሌላው ግን እንዳይቀመጥ ይከለክላል፣ ብዙ ሰው ሲጋፋ ግን ያስለቅቁታል። ግራፉን ስታወጡት መስመሩ ቅርጹን ሳይለውጥ ወደ ቀኝ ይሸሻል። መጽሐፍ ላይ ያለውን ሥዕል በገዛ እጄ፣ ከአንድ ቁራጭ አንጀት አወጣሁት። በዚያ ቀን ሌላ ነገር መማር እንደማልፈልግ ገባኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር በየአጥሩ ሥርና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር ወይም ዕፀ ፋርስ የሚባለው ተክል ውስጥ ያለው ይኸው አትሮፒንና ዘመዶቹ ናቸው። በልቶት አፉ የደረቀ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ የሌለ ነገር እያየ የሚያወራ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ አለ። አያቴ ስታወራው ጋኔን ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ያን ወንበር የያዘውን ተሳፋሪ ካየሁ በኋላ ለምን አፍ እንደሚደርቅ፣ ለምን ዓይን እንደሚፈጥ አንድ በአንድ ማስረዳት ቻልኩ። አያቴንም በስልክ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝና «ታዲያ ይሄን አውቀሽ ሰው አድኚበታ» አለችኝ።

አበርዲን ለዚህ ትምህርት እንዲሁ የተገኘች ከተማ አይደለችም። ሃንስ ኮስተርሊትስ የሚባል በርሊን የተወለደ ሐኪም ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ፣ አይሁዳዊ ዝርያ ስላለው፣ አገሩን ጥሎ እ.ኤ.አ. በ1934 አበርዲን ገባ። እዚያው ኖረ፣ እዚያው አስተማረ። ለዓመታት የሠራው እኔ የነገርኳችሁን ዓይነት ሥራ ነው፣ የጊኒ ፒግ አንጀት ላይ ሞርፊን እየጨመሩ መለካት። ጥያቄው ቀላልና ከባድ ነበር። ሞርፊን ፖፒ ከሚባል አበባ የሚገኝ የተክል ነገር ነው፣ ታዲያ የእኛ አእምሮ ለእሱ መያዣ ቦታ ለምን አዘጋጀ? የራሳችን የሆነ ሞርፊን መሰል ነገር ቢኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 እሱና ጆን ሂዩዝ የተባለ ወጣት ባልደረባው ከአሳማ አእምሮ ውስጥ አወጡት፣ ኤንኬፋሊን ብለው ሰየሙት። ኮስተርሊትስ በዚያን ጊዜ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፣ ከፕሮፌሰርነቱ ጡረታ ወጥቷል። ስደተኛ ሆኖ የመጣ ሰው፣ ሌላው እረፍት በሚልበት ዕድሜ። እኔም ሻንጣ ይዤ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ይሄንን ታሪክ የሰማሁት እንደ ሌሎቹ ተማሪዎች አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሦስተኛ ዓመት ላይ መድኃኒት በጉበት ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ እየተማርን መምህሯ አንድ ሰንጠረዥ አሳየችን። ርእሱ ኮዴይን ነው። ኮዴይን ብሪታንያ ውስጥ ከፓራሲታሞል ጋር ተቀላቅሎ፣ አነስ ባለ መጠን፣ ያለ ማዘዣ ሁሉ መድኃኒት ቤት ይሸጣል። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው። ጉበት ውስጥ ያለ ሲ.ዋይ.ፒ.2.ዲ.6 የሚባል ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሕመም የሚያስታግሰው። ኢንዛይሙ የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ፣ እነሱ ቢውጡት እምብዛም አይሰማቸውም። የኢንዛይሙን ጂን ከልክ በላይ በብዛት የያዙ ደግሞ አሉ፣ እነሱ ዘንድ በአንዴ ብዙ ሞርፊን ይሆናል፣ ትንፋሽ እስከ ማፈን ሊደርስ ይችላል።

ሰንጠረዡ ላይ የአገሮች ስም ተደርድሯል። ስዊድን ውስጥ ይሄ ብዙ ቅጂ ያለው ጂን ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ገደማ። ዝቅ ሲል ኢትዮጵያ ተጽፏል። 29 በመቶ። ክፍሉ ውስጥ ያለሁት ኢትዮጵያዊት እኔ ብቻ ነኝ። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከሦስት ሰው አንዱ ሊሆን ምንም አልቀረው። እናቴን አሰብኩ፣ ጥርሷን ስትነቀል ኮዴይን ያለበት ኪኒን ተሰጥቷት ነበር፣ ማንም ምንም አልጠየቃትም።

ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ቀዳሚ ጸሐፊዋ እሌኒ አክሊሉ ናት፣ ስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የምትሠራ የእኛው ልጅ፣ ዛሬ ፕሮፌሰር ናት። በዚያ አላቆመችም። በ2002 ደግሞ ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና አገር ቤት የሚኖሩትን አወዳድራ፣ ጂናቸው አንድ ሆኖ ሳለ አገር ቤት ያሉት በዚሁ ኢንዛይም የሚለወጥ መድኃኒትን ቀስ ብለው እንደሚለውጡ አሳየች። ማለትም ጂን ብቻ አይደለም፣ ኑሮውና አካባቢውም ጉበታችን ሥራ ላይ እጁ አለበት። ይሄንን ሳነብ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ። መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያለው «መደበኛ መጠን» የሚለው ነገር የተለካው በአብዛኛው አውሮፓውያን ላይ ነው። እኛ ላይ ካልተለካ በስተቀር ለእኛ የሚሆነው ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይሄን የሚለካ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ እኛ ከሌለን ማን ይለካዋል?

ነገሩ የኮዴይን ብቻ አይደለም። ትራማዶልም በዚሁ ኢንዛይም ነው የሚያልፈው። የጡት ካንሰር መድኃኒቱ ታሞክሲፌንም፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ኮዴይን ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጥ ወስነዋል፣ አሜሪካም በ2017 ተመሳሳይ እርምጃ ወስዳለች። ውጭ የምትኖሩ ወላጆች ይሄን አንብባችሁ ቢያንስ ሐኪማችሁን ጠይቁ። በራሳችሁ ግን መድኃኒት አታቋርጡ፣ አትጀምሩም።

ምርምር ስንል ደግሞ ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ነገር አይደለም። አክሊሉ ለማ የተባለ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከሥር በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ብልሃርዝያን የሚያሸጋግሩት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ስንት ሰው አይቶት ያለፈውን ነገር እሱ ቆሞ ጠየቀ። በ1989 ከባልደረባው ከለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ጫትንም ውሰዱት። የጫት አይሱዙ ለምን እንደዚያ እየበረረ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን፣ ትኩስ ካልሆነ አይሸጥም። ምክንያቱ ካቲኖን የሚባለው፣ ጫቱን የሚያነቃቃ ያደረገው ንጥረ ነገር ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። አወዳይ ያለ ነጋዴ ሳይንሱን ሳይሰማ የኖረበት ነገር ነው። ፋርማኮሎጂ የተማረ የሐረርጌ ልጅ ግን ከዚያ ተነሥቶ ስለ ሱስ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ደም ግፊት የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል አስቡት።

ወደ ምድር እንውረድ፣ ገንዘብ።

እኔ እናቴ ቀድማኝ እዚህ ስኮትላንድ ስለነበረች በቤተሰብ መቀላቀል መጥቼ ሁለተኛ ደረጃን እዚሁ ነው የጨረስኩት። ስለዚህ እንደ አገሬው ተማሪ ተቆጥሬ የትምህርት ክፍያዬን የስኮትላንድ መንግሥት ሸፈነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ለሚመጣ ተማሪ ነገሩ ፍጹም ሌላ ነው። ላብራቶሪ ያለው ትምህርት ስለሆነ የውጭ ተማሪ ክፍያው በዓመት ከ20 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፣ ታዋቂዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ 30 ሺህንም ያልፋል። የቤት ኪራይና ምግብ ለብቻው ነው። ለቪዛ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያና የዘጠኝ ወር መኖሪያ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ለ28 ተከታታይ ቀናት ሳይነካ መቀመጥ አለበት። በዚያ ላይ ለጤና አገልግሎት በዓመት 776 ፓውንድ አስቀድሞ ይከፈላል። በትምህርት ወቅት መሥራት የሚፈቀደው በሳምንት 20 ሰዓት ነው። «እዚያ ሄጄ እየሠራሁ እከፍላለሁ» የሚል ሰው ካለ ቁጭ ብሎ ይደምር። አይሆንም። ይሄንን ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም የምለው፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ክፍያ አቅቷቸው ምርምራቸውን ሳይጀምሩ የተመለሱ ልጆች ስላየሁ ነው።

ሌላም አለ፣ የአገራችን የ12ኛ ክፍል ውጤት ብዙ ጊዜ በቀጥታ አያስገባም። አንድ ዓመት የመሰናዶ ትምህርት ይጠይቃሉ። ያም በክፍያ ነው። የእንግሊዝኛ ፈተናም አለ።

ስኮላርሺፕ የሚሉት ነገር ደግሞ ለመጀመሪያ ዲግሪ ጠባብ ነው። ስሙን የምትሰሙት ቼቭኒንግ የሁለተኛ ዲግሪ ነው። ኢራስመስ ሙንዱስም እንደዚያው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑት የቱርክና የቻይና መንግሥታት ናቸው የሚጠቀሱት፣ ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋውን ትማራላችሁ፣ ከዚያ ኬሚስትሪውንም በዚያው ቋንቋ። ከባድ ነው፣ ግን የተወጡት ልጆች አውቃለሁ፣ አከብራቸዋለሁ።

ስለ ብርዱ ብዙ አልጽፍም። አበርዲን በታኅሣሥ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይጨልማል። ከተማዋ በሙሉ ከግራጫ ድንጋይ ነው የተሠራችው፣ ዝናብ ሲመታት የባሰ ትጠቁራለች። ሰዉ ግን ደግ ነው። ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ።

ሥራስ? እኔ አሁን የምሠራው የመድኃኒት ደኅንነት ክትትል ላይ ነው። ሐኪሞችና ታማሚዎች «ይሄን መድኃኒት ከወሰድኩ በኋላ እንዲህ ሆንኩ» ብለው የሚጽፉትን አነባለሁ፣ እመድባለሁ፣ ከዚህ በፊት ከታየው ጋር አያይዛለሁ። ብሪታንያ ውስጥ ይሄ ሥርዓት ቢጫ ካርድ ይባላል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፣ ታሊዶማይድ የተባለው የማቅለሽለሽ ማስታገሻ እርጉዝ እናቶች ወስደውት እጅና እግራቸው ያልተሟላ ብዙ ሕፃናት ከተወለዱ በኋላ። እኛም አገር በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥር ተመሳሳይ የሪፖርት ሥርዓት አለ። ሥራዬን እወደዋለሁ። አንዲት እናት የጻፈችው ሦስት መስመር፣ ከሌሎች መሰል መስመሮች ጋር ሲደመር፣ የመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት ሲለውጠው አይቻለሁ።

ጓደኞቼ የተበተኑት በብዙ ቦታ ነው። ክሊኒካል ትራያል (መድኃኒት በሰው ላይ የሚሞከርበት ጥናት) የሚያስተባብሩ አሉ፣ ላብራቶሪ የገቡ አሉ፣ ዶክትሬት የቀጠሉ አሉ፣ ሕክምና እንደገና የጀመሩም አሉ። ብሪታንያ ውስጥ የውጭ ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ሁለት ዓመት ቆይቶ መሥራት የሚያስችል ቪዛ አለ፣ ከጥር 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚያመለክቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ግን ወደ 18 ወር ይወርዳል። አገር ቤት ለመመለስ ያሰበ ሰው ደግሞ ይሄንን ይያዝ፦ እኛ አገር ፋርማኮሎጂ በአብዛኛው የሚታወቀው በሁለተኛ ዲግሪ ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ስትመጡ የቅጥር ማስታወቂያው ላይ የእናንተን ስም አታገኙትም። «ፋርማሲ» ይላል፣ የሙያ ፈቃድ ይላል። ምርምር ላይ በር አለ፣ ግን እሱም ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ይፈልጋል።

ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አገር ቤት ላላችሁ ለአብዛኞቻችሁ የሚሻለው መንገድ ይሄ ነው። ፋርማሲ አገር ቤት አምስት ዓመት ተማሩ፣ ፈቃድ ያዙ። ከዚያ ፋርማኮሎጂውን በሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወይም ስኮላርሺፕ አግኝታችሁ ውጭ ቀጥሉ። ሁለቱንም ታገኛላችሁ፣ እንደ ውጭው ያለ ዕዳ ውስጥም አትገቡም። ባለፈው አንድ የደሴ ልጅ ደውሎልኝ «እህቴ፣ እኔ የምፈልገው እናቴ ሰፈር ላይ መድኃኒት ቤት ከፍቼ ሰው ማገልገል ነው» አለኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ፋርማሲ ነህ፣ እዚያው አገር ቤት ተማር» አልኩት። በዚያው ሰሞን አንዲት የሐዋሳ ልጅ «እኔና እህቴ አንድ ዓይነት የወባ መድኃኒት ወስደን እሷ ዳነች፣ እኔን ሦስት ቀን አስታወከኝ፣ ለምን?» ብላ ጻፈችልኝ። እሷን ግን «አንቺ ፋርማኮሎጂ ነሽ፣ የትም ብትሆኚ፣ በየትኛውም መንገድ ብትሄጂ ድረሺበት» አልኳት።

በቀጥታ ለማመልከት የወሰናችሁ ደግሞ ቅጹን ስትሞሉ ይሄን አድርጉ። የብሪታንያ ማመልከቻ ዩካስ በሚባለው ሥርዓት ነው የሚገባው፣ እያንዳንዱ ትምህርት ኮድ አለው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ቢ210 ፋርማኮሎጂ ነው፣ ቢ230 ፋርማሲ። ኤጀንቱ የሞላላችሁን ቅጽ ተቀብላችሁ ኮዱን በዓይናችሁ እዩት። ፋርማሲ ከሆነ የምትፈልጉት፣ የፋርማሲስቶችን ፈቃድ የሚሰጠው ጄኔራል ፋርማሲዩቲካል ካውንስል እውቅና የሰጣቸውን ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ አውጥቷል፣ የእናንተ ትምህርት እዚያ ከሌለ ፈቃድ አያሰጥም። ፋርማኮሎጂ ከሆነ ደግሞ ለትምህርት ክፍሉ በቀጥታ ኢሜይል ጻፉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የላብራቶሪ ሥራው በእጅ ነው ወይስ በኮምፒውተር ብቻ? ድርጅት ገብቶ የሚሠራበት ዓመት ለውጭ ተማሪም ክፍት ነው? የአራተኛ ዓመት ምርምሩ ላብራቶሪ ውስጥ ነው ወይስ ጽሑፍ ማንበብ ብቻ? ይመልሳሉ፣ እኔ ለጻፍኩላቸው ሁሉ መልሰውልኛል። የመለሱላችሁ ካልገባችሁ ላኩልኝ፣ አብረን እናየዋለን።